የክሮም ቤቱ ፉጨት

የልጅ ልጆቼ ንገሪን ካሉኝ ቆዩ። ትልቋ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ስልኳን አጠገቤ ታስቀምጥና «እማማ፣ ስለዚያ ቢጫ ነገር አውሪን» ትለኛለች። ታናሿም እግሬ ሥር ትቀመጣለች። እኔ ግን ስልክ ፊት ማውራት አይሆንልኝም፤ ወሬዬ ይበተንብኛል። ትምህርት ቤት ገብቼ ባላውቅም ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ፊደሉን ለምጄዋለሁና፣ ቀስ እያልኩ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ሲያልቅ ለአባታቸው ያንብቡለት።

ቢጫ ነገር የሚሉት ጓሯችን ካለው ክፍል ወለል ላይ የሚወጣውን ነው። ቤታችን ገርጂ ነው፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ከሚያልፍበት በታች። እዚህ የኖረ ሰው አውሮፕላን ሲመጣ ወሬውን ያቆማል፣ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል፤ እንግዳ ሲያየን የተጣላን ይመስለዋል። የጓሮው ክፍል ድሮ በቆርቆሮ የተሠራ ነበር፤ «ክሮም ቤት» እንለዋለን። አሁን ከበሩ በቀር ብሎኬት ሆኗል፣ ክሮምም የለበትም፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ወለሉንም ደጋግመን አስለስነነዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ግን ቢጫው ከሲሚንቶው ሥር ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሰው እንደሚያልበው ዓይነት። ጠዋት በሩን ስከፍት ጥጉ ላይ እርድ የተደፋ መስሎ አገኘዋለሁ። ልጄ ጓንት አድርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። እኔን አያስነካኝም። እኔም ባላየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እግሬ ወደዚያው ይወስደኛል።

ባለቤቴ ክሮም ነካሪ ነበር። መጀመሪያ የመኪና ፓራውልት ነበር የሚሠራው፣ ኋላ የሐኪም ዕቃ ሆነ። ከየሆስፒታሉ ያረጁ መቀሶችና መቆንጠጫዎች በከረጢት ይመጡለታል። ተራ ብረት ናቸው፤ ላያቸው ላይ ያለው ክሮም ሲላጥ ይዝጋሉ። እሱ ዝገቱን ይፍቃል፣ ያለሰልሳል፣ አንድ በአንድ በመዳብ ሽቦ ያንጠለጥልና ኤሌክትሪክ ለቆ ቢጫ የክሮም ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ይነክራቸዋል። ገንዳው ሲሠራ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ከላዩ ጉም ይነሳል፤ ጉሙ ጉሮሮ ይይዛል፣ ምላስ ላይ ብረት ብረት ይላል። መቀሱ ሲወጣ ግን መስታወት ነው። ታጥቦ ሲደርቅ ወደ እኔ ያመጣውና «ፊትሽን እይበት» ይለኛል። አየዋለሁ። ቀጭን፣ ረጅም ፊት ሆኜ እታያለሁ።

ያንን ሥራ የሚሠሩ ሁሉ መድኃኒቱ ወተት ነው ይሉ ነበር። ቀለም የሚረጩትም፣ ባትሪ የሚሠሩትም አሁን ድረስ እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ወተት መርዙን ያጥባል። እኔም ወተት አላጓድልበትም ነበር። ከአገር ቤት ቅቤ ሲላክልን ደግሞ ከሁሉ በፊት ለእሱ አነሳለታለሁ፤ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት በጣቱ የአፍንጫውን ውስጥ ይቀባዋል። ወተቱን በሆዱ፣ ቅቤውን በአፍንጫው አድርጎ ቢስሚላሂ ይልና ይገባል። እኔም ተጠብቋል ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

አፍንጫው ማፏጨት መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ሲተነፍስ ቀጭን ፉጨት አለው፣ በበር ስንጥቅ የሚገባ ንፋስ የመሰለ። ኮቴው ሳይሰማ ፉጨቱ ይሰማል፤ ልጆቹ ሲረብሹ ቆይተው ፉጨቱ ከበር ሲደርስ ደብተራቸውን ይገልጣሉ። ጎረቤቴ «ያንቺ ባል ቤት ውስጥ ወፍ ያረባል እንዴ?» ትለኝ ነበር። እሱም ይስቃል። ሽታ የሚባልም ጠፋበት፤ ወጥ አርሮ ቤቱ ጢስ በጢስ ሲሆን እሱ እዚያው ተቀምጦ «ምሳ አልደረሰም?» ይለኛል። ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ውሃውን ወደ አፍንጫው ስቦ ሲመልሰው ደም ይቀላቀልበታል። ብርድ ነው ይለኛል። ገርጂ በዚያን ጊዜ ሜዳ ስለነበር ብርዱ እውነትም ብርድ ነበር፣ አመንኩት።

ከሴቶቹ ሌላ አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለን፣ የእነዚህ ልጆች አባት። ከልጅነቱ ጀምሮ ነፍሱ ክሮም ቤት ነበረች። አባቱ ግን አያስገባውም። በሩ ላይ ቁልፍ አደረገበት። ልጁ ደጃፉ ላይ ሲቆም ከውስጥ ሆኖ «ሂድ ከዚህ። ያንተ እጅ ለዚህ አይሆንም» ይለዋል። ሌላ ቦታ ደግ ነው፤ እዚያ በር ላይ ሲሆን ድምፁ ይለወጣል። አንድ ቀን ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ገልብጦ ገልብጦ ሲያያቸው አየሁት፣ ምን ጎደለባቸው ብሎ እንደሚፈልግ። ያንን ዓይኔ አልረሳውም። ለባለቤቴም ምን አደረገህ ብዬው ነበር። በሩን ቆልፎ ወደ ሶላቱ ሄደ።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ሳንባ ነው አሉ። ሐኪሙ ሲጋራ ያጨሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ በሕይወቱ አፉ ላይ አድርጎ አያውቅም አልኩት። አልቆየም፣ አላህ ይዘንለት። አብሮት ገንዳው ላይ ይሠራ የነበረ ጓደኛው ነው ሬሳውን ያጠበው። ከቀብር መልስ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም፤ ሐዘን ነው አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ስልጤ ገባ።

ለቅሶው ሳይበርድ ልጄ ቁልፉን ሰብሮ ክሮም ቤት ገባ። ማንም አላስተማረውም፤ ለካ በልጅነቱ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ሲያይ ነው የኖረው። መጀመሪያ የነከራት መቀስ ስትወጣ እንደ አባቱ ወደ እኔ አመጣት።

«እማዬ፣ እይ» አለኝ። «አይሆንም የተባለው እጅ ነው ይህን ያወጣው።»

አየኋት። ፊቴ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ታየኝ። ጎበዝ አልኩት፤ ማታውኑ ለወተት ሻጯ እንደ ድሮው አምጪ አልኳት።

ልጄ አገባ፣ ወለደ፣ ሥራውም ያዘለት። እኔን ግን ያ ጓሮ አላስቀምጠኝ አለ። ንፋስ ሲመጣ በምስማሩ ቀዳዳ ይገባና ያፏጫል። ወተቱን ይዤ ወደ ክሮም ቤት ስሄድ መንገድ ላይ እቆማለሁ፣ ሟቹ እዚያ ውስጥ ያለ እየመሰለኝ። ደግሞ ባለቤቴ የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ የሚደፋበት የኮክ ዛፍ ነበር፤ ከሥሩ ደርቆ ቆሞ ቀረ፣ ማንም ሊቆርጠው አልደፈረም። ስለዚህ መራመድ ጀመርኩ። ከገርጂ እነሳና እግሬ ወደመራኝ፣ አንዳንዴ እስከ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ የሚወጣውን ፎቅ እያየሁ፣ ሳልቸኩል ሄጄ እመለሳለሁ። ጎረቤቶቼ ቀበሌ የምትመረምር ነው የምትመስለው ይሉኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና በስብሼ ገባሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። ነጠላዬን እየጨመቅኩ ሳለ ሳሎን ውስጥ ፉጨቱን ሰማሁት። ንፋስ የለም። ጓሮም አይደለም። እዚያው እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ሶፋ ነው፤ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ይላል። አዑዙ ቢላህ አልኩና ግድግዳ ያዝኩ። እውነት ለመናገር መሸሽ አልፈለግኩም፤ ናፍቆኝ ነበር። ቀስ ብዬ በመጋረጃው አየሁ።

ልጄ ነው። የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ተኝቷል። ፉጨቱ ከእሱ አፍንጫ ነው የሚወጣው።

የሞተ ሰው ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምኜው፣ ተቆጥቼው፣ ሃያ ሁለት ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት። የአንገት በላይ ሐኪሙ ወጣት ነው። ትንሽ መብራት አወጣና በግራ አፍንጫው አስገባው፤ ወዲያው የቀኙ አፍንጫ ውስጡ ቀላ። ሐኪሙ እኔን ጠራኝ።

«እናቴ፣ ይዩት። በዚህ ያበራሁት በዚያ እየወጣ ነው። መሐል ያለው ግድግዳ ተበስቷል።»

ምን እንደሚሠራ ጠየቀው። ክሮም አለ ልጄ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የገንዳው ጉም እንደሆነ፣ መጀመሪያ አፍንጫን እንደሚበሳ፣ ቀጥሎ ሳንባ ውስጥ እንደሚሠራ ቀስ ብሎ ነገረን። ከዚያ «ቀዳዳው አይዘጋም። ሳንባህን ሳይዘው ግን ዛሬ መውጣት ትችላለህ» አለው። እኔ ወተቱ ትዝ አለኝና ወተት ይጠጣል እኮ አልኩ። አልሳቀብኝም። ወተት ጥሩ ነው፣ ይጠጣ፣ ይሄ ግን በሆድ ሳይሆን በትንፋሽ ነው የሚገባው አለኝ። ቅቤውንም ጠየቅኩት። እሱንም ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

ወደ ቤት በእግራችን ነው የተመለስነው። ልጄ አጠገቤ ነው የሚራመደው፣ የምሰማው ግን አባቱን ነው። በር ላይ ሲደርስ ማስክ እገዛለሁ፣ አየር የሚስብ ማሽን አስገጥማለሁ አለኝ። ተወው አልኩት። «ብተወው እሱ ትክክል ሆነ ማለት ነው» አለና ገባ። እሱ የሚለው ማንን እንደሆነ ገባኝ። ከሞተ ሰው ጋር እልህ የተያያዘን ሰው ምን ብለው ይመክሩታል?

ማስኩም ተገዛ፣ ማሽኑም ተገጠመ። ጉሙን ከልጄ አንስቶ ወደ ጎረቤት ግቢ ተፋው፤ ጎረቤቴ ልብሷ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይዛ መጣች። ፉጨቱም አልቀረም።

በዚያ ሰሞን ነው ሲስተሯ የመጣችው። የአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዕቃ ኃላፊ ናት፤ ዕቃ ስታመላልስ ዓመታት ስለሆናት ቤተኛ ነች። ከቦርሳዋ መቀስ አወጣችና ለልጄ ሰጠችው። ራሱ የነከረው ነው። ስለቱ አጠገብ ክሮሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነስቷል።

«ይቺ ቅርፊት ሰው ሆድ ውስጥ ብትቀርስ?» አለችው።

ከዚህ በኋላ የተነከረ ዕቃ እንደማይቀበሉ ነገረችው። ስቴንለስ የሚሉትን የማይዝግ ብረት ብቻ ነው የሚገዙት፤ እሱ ሌላ ብረት ማልበስ አያስፈልገውም። ግን የሚስለው፣ መጋጠሚያውን የሚያስተካክለው፣ ጭረቱን የሚያለሰልሰው ሰው ይፈልጋል፤ ከዚያ በሎሚ አሲድ ተዘፍዝፎ ሲታጠብ ብረቱ ራሱ ስስ ቆዳ ያወጣል፣ ዝገትን የሚከለክለው ያ ነው አለች። ጠንካራ ስለት ለሚያስፈልገው ደግሞ ወርቅ የሚመስል ሽፋን ያለው መጥቷል ብላ አንዱን አሳየችን። በተዘጋ ማሽን ውስጥ ነው አሉ የሚሠራው፣ ገንዳም ጉምም የለውም፤ እዚህ አገር ግን ማሽኑን አላየሁም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው አለች። ልጄ ያንን ወርቅማ መቀስ ብዙ አገላበጠው። ከዚያ አስቀመጠው።

«በሎሚ?» አላት። «ሰላጣ ልንሠራ ነው እንዴ ሲስተር?»

«ሰላጣውን እማማ ይሥሩት፣ አንተ መቀሱን ሥራ» አለችው።

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። አባቴ ያቆየልኝ እንጀራ ነው፣ የተራ ብረቱን ዕቃስ ማን ያድነዋል አላት። አይድንም አለችው፣ አርጅቷል፣ ይቅለጥ። አንድ የስቴንለስ መቆንጠጫና በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት ትታለት ሄደች። መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸውና ወደ ገንዳው ተመለሰ።

እኔ እነዚያን ወራት የኖርኩት በጆሮዬ ነው። ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ እያዳመጥኩ። ዛሬ ረገብ ብሏል እላለሁ፣ ነገ ይብሳል። ሳል ስሰማ የያዝኩትን ትቼ እነሳለሁ። ሚስቱም እንደኔ ነበረች፤ እርስ በርሳችን እንተያያለን እንጂ አናወራውም።

አንድ ጠዋት ትልቋ ልጅ፣ ያኔ ትንሽ ናት፣ ጠፋችብኝ። ስፈልጋት ክሮም ቤት ደጃፍ ላይ አገኘኋት። በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ እግሯን አስገብታለች፣ የተንጠለጠሉት መቀሶች ሲያብረቀርቁ አይታ አንዱን ልትነካ እጇን ዘርግታለች። ልጄ ከጉሙ ውስጥ ዞር ብሎ አያት።

«ሂጂ ከዚህ!» አላት። «ያንቺ እጅ ለዚህ አይሆንም!»

ቃሉ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ድምፁ ራሱ የሟቹ ነው፤ ያው ሻካራ፣ ያው ከጉም ውስጥ የሚወጣ። ልጅቷ እጇን ሰብስባ ወደኋላ አለች፣ ከዚያ እጇን አየችው። ገልብጣ አየችው። እኔ ጭካኔውም ተወረሰ ብዬ አሰብኩና አንገቴን ደፋሁ።

ልጄ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ። ማስኩን አወለቀ። ኤሌክትሪኩን አጠፋው፤ መንተክተኩ ቀስ እያለ ቆመ። ያ ክፍል ሥራ ሰዓት ላይ ጸጥ ብሎ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ፉጨቱ ብቻ ቀረ። ወጥቶ ልጅቷን አቀፋት፣ በክርኑ፣ እጁ እንዳይነካት እየተጠነቀቀ። ምን እንደታየው አልነገረኝም። «እማዬ፣ ሲስተሯን ደውዪላት» ብቻ ነው ያለኝ።

ገንዳው እንዲሁ አይደፋም ብላ ሲስተሯ ኬሚካል የሚያውቅ ሰው አመጣች። ሰውዬው ከእግር እስከ ራሱ ተሸፋፍኖ ገባ። እኛ ከሩቅ፣ በመስኮት ነው ያየነው። አንድ ዱቄት ቀስ እያለ ጨመረበት፤ ያ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ቢጫ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ኖራ ጨምሮበት እንደ ጭቃ ወደታች ወረደ፤ ጭቃውን በበርሜል አሽጎ ይዞ ሄደ። መርዙ ሞቷል ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ገንዳ ውስጥ ያለው አዎ፣ መሬት የገባውን ግን እኔም አላውቅም አለኝ። ክረምት ሲመጣ የሚወጣው ያ ነው።

ልጄ ዛሬ የሚሠራው የሲስተሯን ሥራ ነው። ይስላል፣ ያስተካክላል፣ ያለሰልሳል፣ የሎሚ አሲዱ ውስጥ ይዘፈዝፋል። ያም ቢሆን ዓይን ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር አይለየውም፤ ጉም ግን የለውም። የመጀመሪያዋን መቆንጠጫ በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ አሳድሯት ጠዋት ሲፈታት አንዲት የዝገት ነጥብ አልነበራትም። እንደ ክሮሙ መስታወት አይደለችም፣ ፈዘዝ ትላለች፤ ፊት አታሳይም። እኔ ደስ አለኝ። እሱ ግን ሲዳብሳት ቆይቶ «ለእሱ ቢሆን ይቺ ሥራ አትባልም» አለኝ። በሥራው እየተመሰገነም፣ ጤናው እየተመለሰም እንኳ ያቺ እሾህ አልወጣችለትም። ፉጨቱም ቀዳዳው ስለማይዘጋ እስከዛሬ አለ፤ ሐኪሙ በየጊዜው ያየዋል፣ አልሰፋም ይለናል፣ ሳንባውም እስካሁን ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ሲተኛ አሁንም ሳልወድ መጋረጃውን ገልጬ ማን እንደሆነ አያለሁ።

ባለፈው በጋ የባለቤቴ ጓደኛ ለዓይኑ ሕክምና ከስልጤ መጣና ቤታችን አረፈ። አርጅቷል፤ የእሱም ትንፋሽ ያፏጫል። ልጄ ለዕቃ ወጥቶ ነበር። ሽማግሌውን ወደ ጓሮ ወሰድኩትና ገንዳው የነበረበትን አሳየሁት። ባዶውን ወለል ብዙ ቆሞ አየው፣ ከዚያ የማይስቅ ሳቅ ሳቀ። እሱና ባለቤቴ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በአንዱ አፍንጫ አስገብተው በሌላው እያወጡ ይሳሳቁ እንደነበር ነገረኝ። ሬሳውን ሲያጥበው በአንዱ አፍንጫ የገባው ውሃ በሌላው ሲወጣ አይቶ ያን ሳቅ አስታውሶ እንዳለቀሰም ነገረኝ። ታዲያ ያውቅ ነበር አልኩት። እንዴት አያውቅም አለኝ። ወተቱም ምንም እንደማይሠራ ያውቅ ነበር፤ ይዘሽለት ስትመጪ ደስ ስለሚለው ነው የሚጠጣው አለኝ።

አውሮፕላን መጣ፣ እስኪያልፍ ጠበቅን። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ያላወጣሁትን አወጣሁ፤ ልጁን ግን አልወደደውም ነበር፣ እጅህ አይሆንም እያለ ነው ያሳደገው አልኩት።

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞሮ ቁልፉ የነበረበትን ቦታ በጣቱ ነካው።

«የዚህን በር ቁልፍ የገዛው አፍንጫው የተበሳ ሰሞን ነው» አለኝ። «ለእኛ የሚለን ሌላ ነበር። የልጄ እጅ ከእኔ እጅ ይበልጣል፣ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ስለዚህ ቢጠላኝ ይሻለኛል ነበር የሚለን።»